እህትማማች ናቸው ሲባል ምን ማለት ነው?

እስቲ በአንድ ጥያቄ እንጀምር። አንድ የአዲስ አበባ ኦርቶዶክሳዊ ካይሮ ሄዶ በግብጽ ቤተ ክርስቲያን መቁረብ ይችላል? አዎ፣ ይችላል። ታዲያ የግብጹ ፓትርያርክ የኢትዮጵያን ቤተ ክርስቲያን ያዝዛሉ? አያዝዙም። «እህትማማች አብያተ ክርስቲያናት» የሚባለው ይህ ነው፤ እምነቱና ቁርባኑ አንድ፣ አስተዳደሩ ግን ለየብቻ።

ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። ከአቡነ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን በኋላ ለ1600 ዓመታት ገደማ የኢትዮጵያ ጳጳስ ከእስክንድርያ ይላክ ነበር፤ እሱም ግብጻዊ። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ አቡነ ባስልዮስ በ1943 ዓ.ም. ተሾሙ፤ በ1951 ዓ.ም. ደግሞ ፓትርያርክ ሆኑ።

ከዚያ ስድስት ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ በጥር 1957 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ትልልቅ እንግዶችን ተቀበለች። የአፄ ኃይለ ሥላሴን ጥሪ ተቀብለው ከግብጽ ቄርሎስ 6ኛ፣ ከሶርያ አግናጥዮስ ያዕቆብ 3ኛ፣ ከአርመን ሁለቱ ካቶሊኮሶች ቫዝገን 1ኛና ኮረን 1ኛ፣ ከህንድ ባስልዮስ ኦገን 1ኛ መጡ። በአቡነ ባስልዮስ ምትክ አቡነ ቴዎፍሎስ ተቀመጡ። እነዚህ አብያተ ክርስቲያናት በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተደረገውን የኬልቄዶን ጉባኤ አይቀበሉም። ከዚያ ወዲህ መሪዎቻቸው በአንድ ጉባኤ ሲቀመጡ ይህ የመጀመሪያው ነበር። በትምህርትና በስብከተ ወንጌል ለመተባበር ተስማሙ፤ ሥራውን የሚከታተል ቋሚ ኮሚቴም አቋቋሙ። አንዱን የሁሉ አለቃ ግን አላደረጉም።

ከዚያ በኋላ ጠብ ቀረ? የለም! በ1962 ዓ.ም. በፋሲካ ሌሊት በኢየሩሳሌም የዴር ሡልጣን ቁልፍ ተቀየረና ቤተ መቅደሶቹ በኢትዮጵያውያን መነኮሳት እጅ ገቡ። ግብጾች ፍርድ ቤት ሄዱ፤ ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም። በ1957ቱ ጉባኤ አብረው የተቀመጡት የሶርያና የህንድ መሪዎችም አሥር ዓመት ያህል ቆይተው ተለያዩ።

እንግዲህ ጉባኤው ምን ፈየደ? እኛ መልሱን የምንፈልገው በ1968 ዓ.ም. ነው። ደርግ ፓትርያርኩን አቡነ ቴዎፍሎስን ከመንበራቸው አውርዶ አሰረ፤ በምትካቸው አቡነ ተክለ ሃይማኖት ተሾሙ። ያን ጊዜ የግብጽ ቤተ ክርስቲያን «ፓትርያርኩ ከቀኖና ውጭ ነው የወረዱት» ብላ ሹመቱን ሳትቀበል ቀረች። ልብ በሉ፦ ይህቺ ለ1600 ዓመታት ኢትዮጵያዊ ጳጳስ ሳትሾም የኖረች ቤተ ክርስቲያን ናት። የዴር ሡልጣን ቂምም ገና ትኩስ ነበር። እንዲያም ሆኖ ለኢትዮጵያዊው ፓትርያርክ መንበር ቆመች።

አቋሟ አቡነ ቴዎፍሎስን አላዳናቸውም፤ በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። የሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት ግንኙነትም ለረጅም ዘመን ሻከረ። በ1986 ዓ.ም. ግብጽ ለኤርትራ ጳጳሳት ስትሾም ደግሞ ባሰበት። የስምምነት ሰነድ የተፈራረሙት በ1999 ዓ.ም. ነው።

ኅብረት ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የመሪዎች ፎቶግራፍና መግለጫ ነው። የ1957ቱም ፎቶግራፍ አለው። እኛ ግን ክብደቱን ያየነው፣ አገር ቤት መናገር ባስፈራበት ሰዓት ከካይሮ በተሰማው «አንቀበልም» ውስጥ ነው።