ያስተማሩት ዘመንና የተቆጠረላቸው ዘመን

«ጡረታ» የሚለው ቃል «ጦረ» ከሚለው ግሥ የተገኘ ነው። ጧሪ ማለት አቅም ያነሰውን ወላጁን የሚያበላና የሚያለብስ ልጅ ነው። በአገራችን መንግሥት በሕግ የሠራተኛው ጧሪ ሲሆን «አገልግሎት» የሚባለው ነገር ትርጉሙም አብሮ ተለወጠ። ውድ አንባቢያን፣ ይህን በትምህርት ቤት ሠራተኞች አብነት እንመልከት።

አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መናገሻ በነበረችበት ዘመን የቤተ መንግሥት አገልጋይ የሚኖረው በማደሪያ መሬት ነበር፤ በየደብሩ የሚያገለግሉ ካህናትና የአብነት መምህራን ደግሞ በሰሞን መሬት። ሸክሙ በገባሩ ጫንቃ ላይ ስለነበረ ሥርዓቱን አልናፍቀውም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ሲሽረው ግን ለየኔታ በምትኩ ጡረታ አልተቆረጠላቸውም።

የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር ዕጣ ሌላ ነበር። በጡረታ አዋጅ ቁጥር 209/1955 መሠረት ሠራተኛው ከደመወዙ 4 በመቶ፣ መንግሥት 6 በመቶ ያዋጡ ነበር። በደብረ ብርሃንም ሆነ በአንኮበር በቋሚነት የተቀጠረ መምህር፣ ጸሐፊ ወይም ዘበኛ አገልግሎቱ በየወሩ ይጠራቀምለታል። በግል ትምህርት ቤት ያለው ባልደረባው ግን እስከ 2003 ዓ.ም. ድረስ በዚህ ሥርዓት አልታቀፈም፤ አዋጅ ቁጥር 715 የወጣው በዚያ ዓመት ነው።

ልዩነቱ በስሌት ሲታይ ይጎላል። በ2003ቱ የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቀመር መሠረት 10 ዓመት ያገለገለ ሰው ዕድሜው ሲደርስ የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዙን 30 በመቶ ያገኛል፤ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት 1.25 በመቶ ይታከልለታል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። 30 ዓመት በመንግሥት ትምህርት ቤት ያስተማረ መምህር 55 በመቶ ያገኛል። ከእነዚሁ 30 ዓመታት የመጀመሪያዎቹን 10 የጡረታ መዋጮ በሌለበት የግል ትምህርት ቤት ያሳለፈው ግን 42.5 በመቶ ብቻ። ጠመኔው አንድ፣ ልፋቱ አንድ፣ ጡረታው ግን ለየቅል።

መዋጮ የሌለበት ፈንድ ባዶ ካዝና መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ያ መምህር አልከፍልም ብሎ አልቀረም፤ የሚከፍልበት ሕግ አልነበረም። የኔታን በተመለከተም የ2003ቱ አዋጅ የሃይማኖት ድርጅት ሠራተኞችን በፈቃደኝነት እንጂ በግዴታ አላቀፈም። በእኔ እምነት በሕግ ክፍተት የጠፋን ዘመን መምህሩ ከፍሎ የሚያስቆጥርበት መንገድ ሊከፈት ይገባል። ትውልድ ያስተማረን ሰው «አላገለገልህም» ማለት ለጧሪ አይገባውም።

ቸር ይግጠመን።