«ግትር» እና ጎረቤቶቹ፤ የአንድ ቅጽል ታሪክ

ሐሳቡን አልለውጥ፣ ከያዘው አልመለስ ያለን ሰው ለመግለጽ ተርጓሚዎቻችን አብዝተው የሚያነሡት ቅጽል «ግትር» ነው። ከእንግሊዝኛም ሆነ ከፈረንሳይኛ የሚመጡ አምስት ስድስት ልዩ ልዩ ቃላት፣ ገሚሶቹ ምስጋና ገሚሶቹ ነቀፋ ያዘሉ፣ በመጨረሻ እዚሁ አንድ ቃል ላይ ሲያርፉ እናያለን። እያንዳንዱን ትርጉም ለብቻው ብንመረምረው ስሕተት ነው ለማለት ያስቸግራል፤ ይሁን እንጂ ቋንቋው ለዚህ ጠባይ ያበጃቸው ሌሎች ቃላት ከጽሑፍ እየራቁ መሄዳቸው አልቀረም። ስለዚህ ከየት እንደ መጡና ምን እንደሚሸከሙ ከዚህ ቀጥሎ እንመለከታለን።

«ግትር» የወጣው «ገተረ» ከሚለው ግሥ ነው። ገመድ ይገተራል፤ ወተት የሞላው የላም ጡት፣ የተነፋ ሆድ ተገተረ ይባላል። ግትር ሰው እንግዲህ በመጀመሪያው ሥዕሉ ተወጥሮ አልላላ ያለ ገመድ ነው። ከዚሁ ሥር ግን ምስጋናም ወጥቷል። «ሽንጡን ገትሮ ተከራከረ» የተባለ ጠበቃ ሙያው ተመሰከረለት እንጂ አልተሰደበም። ያንኑ ጠበቃ «ግትር ነው» ብንለው ግን ነቀፋ ይሆናል። ግሡ ሰውዬው በአንድ ጉዳይ ላይ ያደረገውን ሲናገር፣ ቅጽሉ ጠባዩ ነው ብሎ ይፈርድበታል። ይህን ልዩነት ኋላ እንመለስበታለን።

ከገመድ ሳንርቅ «ከረረ»ን እናገኛለን። ክር ሲፈተል ይከራል፤ ነገርም ይከራል፤ አብዝተው ሲያከሩትም ይበጠሳል። «አክራሪ» የሚለው ቃል ከዚህ ተነሥቶ በፖለቲካና በሃይማኖት ዘገባ ውስጥ ከባድ ክስ እስከ መሆን ደርሷል። ግትር ራሱ አይላላም፤ አክራሪ ግን ነገሩን በሌላው ላይ ያጠብቃል። አንድ የድርድር መግለጫ ሲተረጎም ሁለቱን ማቀያየር ተደራዳሪውን ባልዋለበት ማዋል ነው።

ሁለተኛው ቤተሰብ የደረቅ ነገር ነው። «ደረቅ» የማይገባበት የለም፤ ደረቅ ሳል፣ ደረቅ እንጀራ፣ ደረቅ ሌሊት፣ ደረቅ ወደብ እንላለን። በሒሳብ ውስጥ ገንዘብ ሳይኖር የተጻፈውን ቼክ ሕዝቡ «ደረቅ ቼክ» ብሎታል፤ ፖሊስም «ደረቅ ወንጀል» የሚለው የሥራ ቃል አለው። እነዚህ ሁሉ ከግትርነት ጋር ዝምድና የላቸውም። ወደ ሰው ስንመለስ ግን «ደረቅ ሰው» ማለት ምክር የማይሰርጸው፣ ውኃ እንደማይገባው ቁርበት የሆነ ሰው ነው። «ዐይነ ደረቅ» ደግሞ ሌላ መንገድ ይዞ ኀፍረት የለሽ ማለት ሆኗል፤ «ግትር» ብሎ የሚተረጉመው ሰው ፈጽሞ ይስታል።

እዚህ ላይ አማርኛ አንድ መልካም መሣሪያ አለው። «ደረቅ ነው» እና «ድርቅ አለ» አንድ አይደሉም። «ድርቅ ብሎ ካደ» የተባለ ሰው በዚያች ሰዓት አላምንም አለ እንጂ ዕድሜውን ሁሉ ደረቅ ነው አልተባለም። «ችክ አለ»፣ «ሙጭጭ አለ» የሚሉትም እንደዚሁ ለጊዜው የሆነውን የሚናገሩ ናቸው። አንድ ምስክር በፍርድ ቤት «ድርቅ አለብኝ» ብሎ የተናገረው በባዕድ ቋንቋ «ግትር ሰው ነው» ሆኖ ሲጻፍ፣ ስለ አንድ ድርጊት የተሰጠ ቃል ስለ ጠባይ የተሰጠ ቃል ይሆናል። ዳኛው የሚያነበው ትርጉሙን ነው። በመዝገበ ቃላት ሥራም ቅጽሉን መዝግቦ የ«አለ»ን ሐረግ መተው የተለመደ ነው፤ ይህ በእኛ አስተያየት ከሁሉ የከፋው ጉድለት ነው።

ሦስተኛው ወገን በመጽሐፍ የገባ ነው። በዕብራይስጥ ብሉይ ኪዳን እስራኤል አንገቱ የጠጠረ ሕዝብ ተብሎ ይነቀፋል፤ ሥዕሉ ቀንበር አልሸከም ያለ በሬ ነው። የሰብዓ ሊቃናት ትርጉም ሁለቱን ቃላት አጣብቆ በጽርእ አንድ ቃል ሠራ። የግእዙ ብሉይ ከጽርእ የተመለሰ ስለ ሆነ ይኸው ሥዕል «ግዙፈ ክሳድ» ሆኖ ገባ፤ ተርጓሚው ከጥጥረት ይልቅ ውፍረትን መረጠ ማለት ነው። አማርኛው «አንገተ ደንዳና» ሲል «ደነደነ» ሁለቱንም ይይዝለታል፤ የወፈረም የጠጠረም ይደነድናል። (በነገራችን ላይ በሬ የሚገዛ ገበሬ ደንዳና ጫንቃን አይጠላም፤ ነቀፋው የሚሰማው ቀንበሩ ሲታሰብ ብቻ ነው።) ከዚህ የበለጠ የሚያነጋግረው የፈርዖን ልብ ነው። ዕብራይስጡ በኦሪት ዘጸአት ለዚህ ሦስት ልዩ ልዩ ግሦችን ይጠቀማል፤ አንዱ ማጽናት፣ አንዱ ማክበድ፣ አንዱ ማጠጠር ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ «አጸና» የሚለውን ግሥ እዚሁ ላይ አውሎታል። «ጽኑ» ለሰማዕት የምንሰጠው ቅጽል ነውና አንባቢው ይደናገራል፤ ነገር ግን ዕብራይስጡም እንዲሁ ለብርታት የሚሆነውን ግሥ ስለ ተጠቀመ ተርጓሚው ታማኝ ነበር እንላለን። ይህን «ግትር አደረገው» ብሎ ማቃለል የምንባቡን ምሥጢር መግፈፍ ይሆናል።

ስለ አነጋገር ደረጃ ጥቂት እንበል። «ችኮ» እና «ገገማ» የቤትና የመንገድ ቃላት ናቸው፤ በወዳጅ መካከል ሣቅ ያስከትላሉ። ለታላቅ ሰው ግን «ግትር ነዎት» ቢባል አንቱታው ስድቡን አያነሣውም። ጨዋ ሰው «ከያዙት የማይመለሱ ናቸው» ወይም «ቃላቸው አንድ ነው» ይላል፤ ሰሚውም ምን እንደ ተባለ አይጠፋውም። በልብ ወለድ ትርጉም ልጅ ስለ አባቱ ሲናገር ተርጓሚው ይህን መንገድ ቢመርጥ ይሻላል።

የውጭው ቃል ለዕቃና ለሕመም ሲነገርም ጥንቃቄ ያሻል። እድፍ፣ ሳል፣ እሳት በአማርኛ ግትር አይሆኑም፤ «አልለቅ ያለ እድፍ»፣ «አልጠፋ ያለ እሳት» ይባላሉ። እዚህም ቋንቋው ቅጽል ትቶ ግሥን መምረጡን ልብ ይሏል። ዎልፍ ሌስላው በ1973 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የእንግሊዝኛ–አማርኛ የዐውድ መዝገበ ቃላት እያንዳንዱን ትርጉም በዓረፍተ ነገር ማሳየቱ ለዚህ ዓይነቱ ጉዳይ እጅግ የሚረዳ ስልት ነበር።

በመጨረሻ፣ በፊዚክስ ቅርጹን የማይለውጥን አካል «ግትር አካል» ለማለት የሚነሣ ሐሳብ ቢኖር እኛ አንደግፈውም። ምክንያታችን ቃሉ ነቀፋ ስላለበት አይደለም፤ ነቀፋው በሳይንስ ገጽ ላይ ቶሎ ይረሳል። የ«ገተረ» ሥዕል መሳብና መወጠር ስለ ሆነ ተማሪው ከ«ውጥረት» ጋር ያምታታዋል። የተገተረ ገመድ ሲብስበት ይበጠሳል፤ የተፈለገው አካል ግን የማይሳብ፣ የማይታጠፍ ነው። «ቅርጸ ጽኑ» ቢባል ይቀርባል፤ የተሻለ ያለው ያቅርብ።