ቁራሌው ያልወሰደው ራዲዮ

ባለፈው ክረምት ቁራሌው በራችን ላይ ሲያልፍ እናቴ ጠራችው። ጓዳ ውስጥ ከጆንያ ሥር የተቀመጠውን የአባቴን ራዲዮ ልትሰጠው ነበር። ሰውየው ሣጥኑን በጣቱ መታ መታ አደረገና "እማማ፣ ይሄ እኮ እንጨት ነው፤ ለብረቱ ብቻ ነው የምከፍለው" አላት። በዚህ መሀል እኔ ደረስኩና ገበያው ፈረሰ። እናቴ እስከ ዛሬ ታኮርፈኛለች፤ ጓዳው ሊሰፋላት ነበራ!

ራዲዮው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የተሠራ ፊሊፕስ ነው። መስታወቱ ላይ የከተሞች ስም ተደርድሯል፤ ከጎኑ ጣቢያው ጥርት ብሎ ሲገባ የምትጠብ አረንጓዴ ዓይን አለችው። አባቴ ብሥራተ ወንጌልን የሚሰማው በዚሁ ነበር። ያ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1963 አዲስ አበባ ላይ ሥራ ጀምሮ በ1977 ደርግ ወረሰውና የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ሆነ። ከዚያ ወዲህ አባቴ ፊቱን ወደ ውጭ አዞረ። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የጀርመን ድምፅ የአማርኛ ክፍል ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ ደግሞ የአሜሪካ ድምፅ ተጨመረ። ማታ ማታ መስኮቱ ተዘግቶ፣ ድምፁ እስከ መጨረሻው ተቀንሶ፣ ጆሮው የስፒከሩ ጨርቅ ላይ ተለጥፎ ነው የሚያዳምጠው። እኛ ልጆቹ ራዲዮ ማለት በሹክሹክታ የሚያወራ ዕቃ ይመስለን ነበር።

እነዚህ ራዲዮኖች ባለ አምፖል የሚባሉት በምክንያት ነው። ጀርባቸው ሲከፈት ቀላ ብለው የሚበሩ ጣት ጣት የሚያካክሉ ብርጭቆዎች ይታያሉ። ነገሩን የጀመረው እንግሊዛዊው አምብሮዝ ፍሌሚንግ ሲሆን ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1904 ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ አሜሪካዊው ሊ ደ ፎረስት በብርጭቆው ውስጥ ሦስተኛ ነገር ጨመረበት፤ ወንፊት የመሰለች ቀጭን ሽቦ። በጋለው ብረት እና በማዶ ባለው ሳህን መካከል የሚሮጠውን ኤሌክትሮን ይቺ ወንፊት እንደ ዘበኛ ታሳልፋለች፣ ትከለክላለች። ወደ እርሷ የሚመጣው ደካማ ምልክት በማዶ በኩል ጉልበት ያለው ሆኖ ይወጣል። ማጉላት የሚባለው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 ትራንዚስተር ሲፈለሰፍ ግን የአምፖሎቹ ዕድሜ አጠረ። በባትሪ የሚሠራው ትንሽ ራዲዮ መብራት ወዳልገባበት ገጠር ሳይቀር ዘለቀ፤ ፊሊፕሱ ሳሎን ላይ ዳንቴል ለብሶ ቀረ።

ራዲዮውን ተሸክሜ መርካቶ ወረድኩ። መጀመሪያ የገባሁበት ሱቅ ያለው ወጣት "ውስጡን እንጥለውና የቻይና ቦርድ እናስገባበት፣ ብሉቱዝም ይኖረዋል" አለኝ። በልቤ ይሄማ ቆዳውን ገፎ ጭድ መጠቅጠቅ ነው አልኩና ወጣሁ። ሁለተኛው ጸጉራቸው የሸበተ ሰው ናቸው። ጀርባውን ፈትተው ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ "ልጄ፣ ጣቢያውን ነው የምትፈልገው ድምፁን?" አሉኝ። ጥያቄው አልገባኝም ነበር። መያዣው ክፍል፣ ማለትም ማዕበሉን ከአየር የሚለቅመው፣ ብዙ ዕቃ ጎድሎታል። ማጉያው ክፍል ግን ይድናል፤ ከጀርባው የሸክላ ማጫወቻ መሰኪያ ስላለው ሙዚቃ ከሌላ መሣሪያ ማስገባት ይቻላል። አባቴ ይፈልጋቸው ከነበሩት ድምፆች ስንቱ በአጭር ሞገድ ላይ ይገኛል ብዬ አሰብኩና "ድምፁን" አልኳቸው።

ሥራው ቀላል እንዳይመስላችሁ። እነዚህ አምፖሎች በ250 ቮልትና ከዚያ በላይ ነው የሚሠሩት። ራዲዮው ከሶኬት ተነቅሎም ኮንዴንሰሮቹ ያቆሩት ኤሌክትሪክ ሰው ይመታል። ከዚህ የባሰም አለ፤ አንዳንድ ርካሽ ራዲዮኖች የመብራት ትራንስፎርመር ስለሌላቸው ሻንጣቸው በቀጥታ ከመስመሩ ጋር ይገናኛል። በእንዲህ ያለው ላይ ስልክ የሚሰካ ሰው ሞቱን ነው የሚሰካው። የኛው ደግነቱ ትራንስፎርመር አለው። ሽማግሌው ያረጁትን ኮንዴንሰሮች ቀየሩ። የስልኩን ግራና ቀኝ ድምፅ በሁለት ትንንሽ ሬዚስተሮች አልፈው እንዲቀላቀሉ አደረጉ፤ ራዲዮው አንድ ጆሮ ብቻ ነውና ያለው። የመጨረሻዋ አምፖል ኢ.ኤል. 84 ናት፤ ብቻዋን ስትሠራ ከአምስት ዋት ብዙም አትዘልም። ዛሬም ሩሲያ፣ ስሎቫኪያና ቻይና ውስጥ ትመረታለች።

የአምፖል ድምፅ "ይሞቃል" የሚሉ ሰዎች አሉ። ምክንያቱ ተአምር አይደለም። ብቻዋን የምትሠራ አምፖል ስትጨናነቅ የምትጨምረው ስሕተት በአብዛኛው ከዋናው ድምፅ አንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ የሚመጣ ስለሆነ ጆሮ አይጎረብጠውም። እንግዲህ የምንወደው ውሸቷን ነው ማለት ነው። እኔ በበኩሌ ቅር አላለኝም።

የመጀመሪያው ዘፈን የዓለማየሁ እሸቴ እንዲሆን የፈለግሁት በሌላ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ሸክላ የማሳተም መብት በሕግ የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር። ያኔ ገና በ20ዎቹ ዕድሜ የነበረው አምሃ እሸቴ ይህን ተጋፍቶ የራሱን አምሃ ሬከርድስን አቋቋመ። በመጀመሪያ ያወጣው የዓለማየሁን ሸክላ ነው፤ የታተመውም ሕንድ አገር ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 1975 ድረስ ከመቶ በላይ ትንንሽ ሸክላዎች አውጥቶ አገር ጥሎ ወጣ። ሰዓት እላፊው የሌሊቱን ሙዚቃ ዘጋው፤ ሸክላውን ደግሞ ካሴት ተካው። ከ1997 ጀምሮ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ "ኢትዮፒክስ" በሚል ተከታታይ ሲዲ የዚያን ዘመን ሥራዎች ለዓለም አሰማ። አምሃ በ2021 ዐረፈ። የአባቴ ሸክላዎች ግን የት እንደ ገቡ እንጃ፤ የያዝኩት በስልኬ ያለውን ብቻ ነው።

ማብሪያውን ስጫን ምንም አልተሰማም፤ አምፖሎቹ እስኪግሉ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይፈልጋሉ። ከዚያ ጥሩምባው ከእንጨቱ ሆድ ወጣ። ድምፁን ከፍ አደረግሁት። እኔ በዚያ ራዲዮ ሙሉ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

እናቴ ከማዕድ ቤት ሮጣ መጣች። "ኧረ ቀንሰው! ሰው ይሰማል!" አለች፤ እጇ ሊጥ ነው።

ቀነስኩት። ድምፁ ሲቀንስ ከሥር እምምም የሚል ነገር ይሰማል። ሽማግሌው አንድ ኮንዴንሰር ይቀረዋል፣ ሲገኝ እቀይርልሃለሁ ብለውኛል።