የባሕር ላይ ኤጅ ኮምፒዩቲንግ

የባሕር ላይ ኤጅ ኮምፒዩቲንግ መረጃን በተገኘበት በመርከብ፣ በተንሳፋፊ መለኪያ ወይም በባሕር ዳርቻ ጣቢያ ላይ ባሉ ኮምፒዩተሮች የማቀናበር ዘዴ ነው። የብስ ላይ ወዳለው የመረጃ ማዕከል የሚላከው ተጣርቶ የቀረው ብቻ ነው።

አስፈላጊነቱ
ከወደብ ሲራቅ የሞባይል ኔትወርክ ስለማይገኝ ግንኙነቱ በሳተላይት ይሆናል። ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ባለ ሳተላይት በኩል የተላከ ጥያቄ መልስ እስኪያገኝ ግማሽ ሰከንድ ያህል ይወስዳል። 550 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚዞሩት የስታርሊንክ ሳተላይቶች መዘግየቱን በእጅጉ ቢቀንሱም መስመሩ ሲቋረጥ መርከቡ ሥራውን ማቆም አይችልም። ስለዚህ የሞተር፣ የራዳርና የካሜራ መረጃ በመርከቡ ሰርቨር ይተነተናል። በመሣሪያዎቹና በየብስ ላይ ባለው የመረጃ ማዕከል (ክላውድ) መካከል ያለውን ይህን እርከን የኔትወርክ መሣሪያ አምራቹ ሲስኮ እ.ኤ.አ. በ2012 ፎግ ኮምፒዩቲንግ ብሎታል።

ታዋቂ ሙከራዎች
15 ሜትር የምትረዝመው ሰው አልባዋ ሜይፍላወር በላይዋ በተጫኑ ኮምፒዩተሮች እየተመራች አትላንቲክን አቋርጣ እ.ኤ.አ. ጁን 5 ቀን 2022 ካናዳ፣ ሃሊፋክስ ደርሳለች። ማይክሮሶፍት ደግሞ ሰርቨሮችን ወደ ባሕር ዳርቻ ከተሞች ለማቅረብ በማሰብ 864 ሰርቨሮችን እ.ኤ.አ. በ2018 በስኮትላንድ ኦርክኒ ደሴቶች አቅራቢያ አስጥሞ በ2020 አውጥቷቸዋል፤ የብልሽታቸው መጠንም የብስ ላይ ካሉት አንድ ስምንተኛ ብቻ ነበር።

ለይርጋጨፌ ቡና ያለው ፋይዳ
ኢትዮጵያ የባሕር በር ባይኖራትም ይርጋጨፌ የሚገኝበት የጌዴኦ ገበሬ ምርት ውቅያኖስ ያቋርጣል። ቀይ እሸቱ ተለቅሞ ከታጠበ በኋላ እርጥበቱ 12 ከመቶ ገደማ እስኪደርስ በማድረቂያ አልጋ ላይ ይደርቃል፤ ከዚያም በአብዛኛው በጅቡቲ ወደብ በኩል ይላካል። መርከቡ ከሞቃታማው ቀይ ባሕር ወደ ሰሜን አውሮፓ ቅዝቃዜ ሲገባ ከቡናው የወጣው እርጥበት በኮንቴይነሩ ጣሪያ ላይ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል፤ የላይኛው ጆንያም ይሻግታል።

በኮንቴይነሩ ውስጥ የሚቀመጥ ሴንሰር ሙቀትንና እርጥበትን ለክቶ ጤዛ የሚፈጠርበትን ሰዓት እዚያው ማስላትና ማስጠንቀቅ ይችላል። የመርከብ ኩባንያው ማርስክ ለማቀዝቀዣ ኮንቴይነሮቹ ተቀራራቢ የርቀት ክትትል እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ለደንበኞቹ ይሰጣል። የታሸገ የቡና ኮንቴይነር ባሕር ላይ ስለማይከፈት ማስጠንቀቂያው በዋናነት የሚጠቅመው ተቀባዩን ነው፤ ጭነቱን ፈጥኖ አራግፎ ይመረምራል። መዝገቡ ደግሞ ጉዳቱ የደረሰው በመንገድ ላይ መሆኑን ያሳያል፤ በአልጋው ላይ ቡናውን ሲያገላብጥ የዋለ ሰው ባልሠራው ጥፋት ስሙ እንዳይነሳ ማስረጃ ይሆነዋል።

ተግዳሮቶች
ጨዋማ አየር፣ የሞተር ንዝረትና የኃይል ውስንነት መሣሪያዎቹን ይፈትናሉ። የሳይበር ጥቃትም ስጋት በመሆኑ ዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ የመርከብ ኩባንያዎች የዚህን ስጋት መከላከያ በደኅንነት አሠራራቸው ውስጥ እንዲያካትቱ ጠይቋል። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የማሪታይም ማሰልጠኛ ተቋም የሚሠለጥኑ ኢትዮጵያውያን የመርከብ መሐንዲሶችም እነዚህን መሣሪያዎች የመንከባከብ ኃላፊነት ይጠብቃቸዋል።