ሕንፃና ውቅር፦ የየካ ዋሻ ሚካኤልና የሙያችን ቃላት

ሥነ ጥበብን አጥርቶ ለመናገር አስቀድሞ ቃላቱን መለየት ያሻል። «ሕንፃ» ሐነጸ ከሚለው የግዕዝ ግስ የወጣ ሲሆን ድንጋይን በድንጋይ ላይ እየደረቡ መሥራትን ያመለክታል። «ውቅር» ግን ወቀረ ከሚለው ይወለዳል፤ ይኸውም ዐለትን ጠርቦና ፈልፍሎ ቅርጽ ማውጣት ነው።

በየካ ኮረብታ ላይ የሚገኘው ዋሻ ሚካኤል ለዚህ ልዩነት ቅርብ ምስክር ነው። ትውፊት ዕድሜውን ወደ 4ኛው ምዕተ ዓመት ያደርሰዋል፤ ተመራማሪዎች ግን ወደ መካከለኛው ዘመን ያቀርቡታል። ዘመኑ ቢያከራክርም አሠራሩ አያከራክርም፤ ዓምዱም ግድግዳውም ከአንድ ዐለት የተፈለፈሉ ናቸው። በዚህም እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት ከ11ዱ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ጋር ይዛመዳል፤ ከግንበኛ ይልቅ ለቀራጺ ሥራ ይቀርባል።

ልዩነቱ በጥገና ጊዜ ጎልቶ ይታያል። ከግንብ የተሰበረ ድንጋይ ወጥቶ በሌላ ይተካል፤ በውቅር ግን ተነጥሎ የሚወጣ ድንጋይ የለም፤ ከላይ የተከፈተ ስንጥቅም የዝናቡን ውኃ ወደ ውስጠኛው ዐለት ያሰርጋል። ስለዚህ በመዝገብ ላይ «ሕንፃ» ብቻ ተብሎ የተጻፈን ቅርስ ጠጋኙ እንደ ግንብ ሊያየው ይችላል። «ውቅር» ተብሎ ከተጻፈ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ ውኃውን ከዐለቱ ማራቅ ይሆናል። የማኅበራችን አባላት ቅርስ ሲመዘግቡ ይህን ልዩነት ሊጠብቁ ይገባል።