የፊልም ሙግት በአምቡሊ፦ ከጣሪያ አልባው ሲኒማ እስከ ፖድካስት

ፖድካስት በኢንተርኔት አማካይነት በተከታታይ ክፍሎች የሚለቀቅ፣ አድማጩም በፈለገው ሰዓት በስልኩ ወይም በኮምፒውተሩ የሚሰማው የድምፅ ዝግጅት ነው። ከዓይነቶቹ አንዱ ሁለት ወይም ሦስት ጓደኛሞች አዲስ የወጣ ፊልም አይተው የሚያደንቁበት፣ የሚነቅፉበትና እርስ በርስ የሚሟገቱበት ዝግጅት ነው። የመሣሪያው ታሪክ አጭር ነው፤ ስያሜው በጽሑፍ የታየው በ2004 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሲሆን፣ በ2005 የአፕል ኩባንያ ፖድካስትን በሙዚቃ ማጫወቻ ፕሮግራሙ ውስጥ ካስገባ በኋላ ነገሩ በፍጥነት ተስፋፋ፤ በዚያው ዓመትም በቺካጎ ከተማ «ፊልምስፖቲንግ» የተባለውና እስካሁን የዘለቀው የፊልም ውይይት ተጀመረ። የልማዱ ታሪክ ግን ከመሣሪያው እጅግ ይረዝማል። በአፍሪካ ቀንድ ይህን ታሪክ ለመከተል ከሚያመቹ ስፍራዎች አንዷ በጅቡቲ ከተማ ደቡባዊ ክፍል የምትገኘው አምቡሊ ናት።

አምቡሊ ስሟን የምትጋራው በዓመቱ አብዛኛው ጊዜ ደርቆ የሚቆይ፣ ዝናብ ሲጥል ግን በድንገት ሞልቶ ጉዳት ከሚያደርስ ወንዝ ጋር ነው። ከወንዙ አሸዋ ሥር የሚገኘው የከርሰ ምድር ውኃ፣ በ1888 የተቆረቆረችው የጅቡቲ ከተማ በዙሪያዋ ካለው ጨዋማ ምድር ተርፋ እንድትጠጣ ያስቻላት ሲሆን፣ በዚሁ ውኃ ከለሙት የቴምርና የአትክልት ቦታዎች አምቡሊ የከተማዋ ጓሮ ለመባል በቃች። በኋላም የአገሪቱ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ በአጠገቧ ተሠርቶ ስሟን ወሰደ፤ በ2017 የተመረቀው የአዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያም ከእርሷ ብዙ በማይርቀው ናጋድ ተተከለ። በአምቡሊና በአካባቢዋ የሶማሊ፣ የአፋር፣ የየመንና የኢትዮጵያ ተወላጆች ጎን ለጎን ኖረዋል፤ ከውጭ የሚመጣ ሸቀጥና ወሬም በአቅራቢያቸው ያልፍ ነበር።

የሉሚየር ወንድማማቾች በታኅሣሥ 1895 ፓሪስ ላይ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ለከፋይ ተመልካች ካሳዩ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ አዲሱ ጥበብ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ደርሷል። ይህ የሆነው ጅቡቲ የኢትዮጵያ ዋና የባሕር በር እየሆነች በሄደችበት ዘመን ነው። በ1897 ከጅቡቲ መዘርጋት የጀመረው የባቡር ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ሲገባ፣ 784 ኪሎ ሜትር የሚረዝም መስመር ወደቡን ከመናገሻው ከተማ አገናኘ፤ በመስመሩም ከጨርቁና ከብረቱ ጋር የከተሜነት ልማድ አብሮ ተጓዘ። በአዲስ አበባ የመጀመሪያው የሲኒማ አዳራሽ በሕዝቡ ዘንድ «ሰይጣን ቤት» መባሉ፣ ግድግዳ ላይ የሚሮጠው ጥላ ከርኩስ መንፈስ ጋር መያያዙን ያሳያል። ይህ ቅጽል በአገሩ ላይ ስለ ሲኒማ የተሰጠ የመጀመሪያው የአደባባይ ፍርድ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ተመልካቹ ስለ አንድ ፊልም ጥሩነት ከመከራከሩ በፊት ፊልም የሚባለው ነገር ራሱ ይገባል ወይስ አይገባም በሚለው ተከራክሯልና።

በጅቡቲ ሁኔታው በአየሩ ጠባይ የተለየ መልክ ያዘ። በሞቃቶቹ ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሚወጣባት ከተማ፣ ሕዝቡ በብዛት የሚታደምባቸው ሲኒማ ቤቶች ጣሪያ የሌላቸው፣ በግንብ የታጠሩና ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ብቻ የሚሠሩ ነበሩ። እንደ ኤደንና ኦዴዎን ያሉት ቤቶች በከተማው መሐል ስለነበሩ የአምቡሊ ነዋሪ ፊልም ለማየት ወደዚያ መሄድ፣ ከዚያም በሌሊት መመለስ ነበረበት። የሚታዩት ፊልሞች የፈረንሳይና የአሜሪካ፣ የህንድ፣ የግብፅ፣ በኋላም በጣሊያን የተሠሩ የካውቦይና የሩቅ ምሥራቅ የካራቴ ፊልሞች ነበሩ፤ ብዙው ተመልካች የተዋንያኑን ቋንቋ አያውቅም። አረብኛ የሚሰማው ለሶማሊኛ ተናጋሪው ጓደኛው፣ ፈረንሳይኛ የተማረውም ላልተማረው እየተረጎመ ያያል፤ ትርጉሙም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ስለማይሆን ሙግቱ ፊልሙ ሳያልቅ ይጀምራል። ስለዚህ በጅቡቲ ጣሪያ አልባ ሲኒማ ውስጥ መተርጎምና መተቸት የአንድ ሰው ሥራ ነበሩ፤ ይህም የፊልም ሙግቱን ከመነሻው የብዙ ቋንቋ ሙግት አደረገው።

የጅቡቲ ወንዶች ሙግት ዋና ቤቱ ግን ሲኒማ ቤቱ አልነበረም። በከተማይቱ ልማድ ከቀትር በኋላ ያለው ጊዜ የጫት ጊዜ ነው፤ በድሬዳዋና በሐረር አማርኛ በርጫ የሚባለው ስብሰባ በጅቡቲ የሚደረግበት ክፍል መብረዝ ይባላል። በምንጣፍና በትራስ የተዘጋጀ፣ ታዳሚዎቹ በአመዛኙ የማይለዋወጡበት የወዳጆች ማኅበር መቀመጫ ነው። ጫቱ ከሐረርጌ ደጋ በባቡር፣ በመኪናና አምቡሊ በሚያርፍ አውሮፕላን እየገባ ቀትር ገደማ ለገበያ ስለሚደርስ፣ የከተማይቱ የውይይት ሰዓት ሳይቀር በዚህ ጭነት መድረሻ ተወስኖ ኖሯል። በመብረዝ የፖለቲካው፣ የገበያውና የኳሱ ወሬ እንደሚነሳ ሁሉ ትናንት ማታ የታየው ፊልም ይነሳል፤ ያላየው ይጠይቃል፣ ያየው ይተርካል፣ ሌላው «እንዲህ አልነበረም» ይላል። ዛሬ በፊልም ፖድካስት ላይ የሚሰማው ቅርፅ፣ ማለትም የታወቁ ጥቂት ድምፆች፣ የማይቸኩል ሰዓት፣ ከርዕስ መውጣትና ወደ ርዕስ መመለስ፣ ሁሉም በዚህ ክፍል ውስጥ ነበር። የጎደለው ማይክሮፎን ብቻ አልነበረም፤ መብረዝ በአመዛኙ የወንዶች ስለነበረ የሴቶቹ አስተያየት በራሳቸው ስብሰባ ይነገርና እዚያው ይቀር ነበር።

በእነዚህ ስብሰባዎች የሚደረገው ንግግር ከባዶ የተነሣ አይደለም። የአፋር ሕዝብ ዳጉ በሚባለው ሥርዓቱ፣ በመንገድ የተገናኙ ሰዎች ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን በዝርዝር ይለዋወጣሉ፤ በዚህም ተናጋሪው ነገሩን በዓይኑ ያየው መሆኑንና ከሌላ የሰማው መሆኑን ለይቶ መናገር ይጠበቅበታል። በሶማሊዎች ዘንድ አንድ ገጣሚ የጀመረውን ጉዳይ ሌሎች ገጣሚዎች ቃላቱን በዚያው የፊደል ድምፅ እያስጀመሩ የሚመልሱበት የግጥም ሰንሰለት አለ፤ ከ1979 እስከ 1980 «ዴሌይ» በሚል ስም የታወቀው ሰንሰለት ከገጣሚ ወደ ገጣሚ፣ ከከተማ ወደ ከተማ የተሻገረው በካሴት ተቀድቶ ነበር። በደገኛው ኢትዮጵያም ተሟጋቾች በአደባባይ ቆመው በልሃ ልበልሃ እየተባባሉ ነገራቸውን የሚያስረዱበት፣ ተመልካቹም የአንደበታቸውን ብርታት የሚመዝንበት የሙግት ሥርዓት ለዘመናት ኖሯል። ሦስቱ ልማዶች ዓላማቸው የተለያየ ቢሆንም፣ ንግግር በምስክርነት፣ በምላሽና በሰሚ ፊት መመዘን እንዳለበት አስተምረዋል። በተለይ የካሴቱ ሰንሰለት፣ ሙግት ተናጋሪዎቹ ከተቀመጡበት ቦታ ወጥቶ ሊጓዝ እንደሚችል፣ ሰሚውም በተራው ተናጋሪ ሊሆን እንደሚችል ከፖድካስት ሃያ አምስት ዓመት ያህል ቀድሞ አሳይቷል።

በአንጻሩ በሬዲዮና በቴሌቪዥን የሚደረግ የፊልም ክርክር የባለሙያ ሥራ ሆኖ አደገ። በፈረንሳይ ሬዲዮ በ1955 የተጀመረው «ለ ማስክ ኤ ላ ፕሉም» ሐያሲዎች በታዳሚ ፊት ስለ አዳዲስ ፊልሞች፣ ቴአትሮችና መጻሕፍት የሚፋጠጡበት ዝግጅት ሲሆን፣ በቺካጎ ቴሌቪዥን ደግሞ የሁለት ተፎካካሪ ጋዜጦች የፊልም ጸሐፊዎች የነበሩት ጂን ሲስክልና ሮጀር ኢበርት ከ1975 ጀምሮ አብረው እየተቀመጡ ተከራክረዋል። በጅቡቲ የመንግሥት የሬዲዮና የቴሌቪዥን ድርጅት በፈረንሳይኛ፣ በሶማሊኛ፣ በአፋርኛና በአረብኛ ቢያሰራጭም፣ ሰዓቱ የተለካና ቃሉ የተመዘነ የመንግሥት ማሠራጫ የመብረዙን ልቅ ሙግት ሊተካ አይችልም ነበር። በ1980ዎቹ የቪዲዮ ካሴት፣ ቀጥሎም የሳተላይት ዲሽ ሲስፋፋ ጣሪያ አልባዎቹ ሲኒማ ቤቶች እየተዘጉ ሄዱ፤ በኢትዮጵያ ከተሞችም በዚያው ዘመን ቪዲዮ ቤቶች በየሰፈሩ ተከፈቱ። ፊልም ወደ ሳሎን ሲገባ ተመልካቹ ተበታተነ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ፊልም ለመሟገት በአንድ ሌሊት አንድ ፊልም ያዩ ብዙ ሰዎችን ማግኘት አስቸጋሪ ሆነ።

ለሙግቱ አዲስ ሕይወት የሰጠው ጅቡቲ ራሷ በፊልም መታየቷ ነው። ክሌር ዴኒ የተባለችው ፈረንሳያዊት ዳይሬክተር የልጅነቷን ከፊል በኖረችበት ምድር የሠራችውና በ1999 የወጣው «ቦ ትራቫይ»፣ በጅቡቲ በረሃ የሚለማመዱ የፈረንሳይ የውጭ ዜጎች ጦር አባላትን ታሪክ ይተርካል፤ የዓለም ሐያሲዎች እጅግ ያደነቁት ይህ ፊልም የአገሩን ሰዎች በአብዛኛው የወታደሮቹን ልምምድ ቆመው የሚመለከቱ አድርጎ ስለሚያሳይ፣ ባለቤቱ የጎን ተመልካች የሆነበት ታሪክ የማን ታሪክ ነው የሚል ጥያቄ ያስነሳል። ጅቡቲያዊቷ ሉላ አሊ ኢስማኢል በ2017 ባወጣችው «ዳሊንያሮ»፣ ኑሯቸው የተለያየ ሦስት ልጃገረዶች የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና ሲጠብቁና ወደ ፈረንሳይ መሄድን ከአገር መቅረት ጋር ሲያመዛዝኑ በማሳየት፣ በመብረዝ ያልተሰማውን የሴቶች ጭውውት የፊልሙ መሠረት አደረገችው። በ2021 የወጣው የካዳር አይደሩስ አህመድ «የመቃብር ቆፋሪው ሚስት» ደግሞ ይበልጥ የሚያሟግት ነው፤ ዳይሬክተሩ በሶማሊያ ተወልዶ በወጣትነቱ ወደ ፊንላንድ የተሻገረ፣ ቦታው ጅቡቲ፣ ቋንቋው ሶማሊኛ ሲሆን፣ በዋጋዱጉ የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል ታላቁን ሽልማት አግኝቶ ሶማሊያ ለኦስካር ያቀረበችው የመጀመሪያ ፊልም ሆኗል። ፊልም ዜግነቱን ከገንዘቡ፣ ከቋንቋው፣ ከቦታው ወይስ ከሠሪው ያገኛል የሚለው ጥያቄ በአንድ ፊልም ላይ እንዲህ ተሟልቶ የሚቀርብበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ይህ ሁሉ ሲታሰብ ፖድካስት ለአምቡሊና ለመሰሎቿ ያመጣው ለውጥ ሙግቱን መፍጠር ሳይሆን የተነገረውን ቃል ጠብቆ ማቆየት ነው። ጅቡቲ እንደ «ኢሲ» ያሉ የባሕር ውስጥ የመገናኛ ገመዶች የሚያርፉባት ከተማ በመሆኗ፣ ጥንት በባቡሩ የሆነችውን መሸጋገሪያ ዛሬ በድምፅና በምስል ረገድ ደግማ ሆናለች። ስለዚህ በሶማሊኛ፣ በአፋርኛ ወይም በአማርኛ የተደረገ የጓደኛሞች ክርክር በዚያው ቀን ሞንትሪያል ወይም አዲስ አበባ ሊሰማ ይችላል፤ ወደ መብረዝ የማትገባው ሴትም በራሷ ክፍል፣ በራሷ ማይክሮፎን ልትሟገት ትችላለች። ትርፉ ግን ያለ ኪሳራ አልመጣም። በሲኒማው ግቢ የማያውቀው ሰው ከኋላው ተነሥቶ «ተሳስተሃል» ይለው የነበረ ተናጋሪ፣ አሁን ሐሳቡን ከሚጋሩት ጓደኞቹ ጋር ብቻ ስለሚቀመጥ፣ ሙግቱ ወደ መደናነቅ የሚወርድበት ጊዜ ይበዛል። ዳጉ የሚጠይቀው «ያየኸው ነው ወይስ የሰማኸው?» የሚለው ጥያቄም ፊልሙን ሳያዩ በማስታወቂያውና በወሬው ብቻ ለሚፈርዱ ዘመነኞች አስፈላጊነቱ አልቀነሰም።

የአካባቢው የሲኒማ ታሪክ ትልቁ ክፍተት ያለው በተመልካቹ በኩል ነው፤ ሐዲዱ የተዘረጋበትና ፊልሞቹ የወጡበት ዓመት ሲታወቅ፣ በኤደንና በኦዴዎን ግቢ የተቀመጠው ሕዝብ ስላየው ነገር የተናገረው ቃል ግን ከተናጋሪዎቹ ጋር አልፏል። ዛሬ በስልክ የሚቀዱት የጓደኛሞች ክርክሮችም በአንድ ኩባንያ ገጽ ላይ ብቻ ከተተዉ፣ ገጹ በተዘጋ ቀን ተመሳሳይ ዕጣ ይደርስባቸዋል። ስለሆነም አዘጋጆቹ የተከራከሩበትን ፊልም ስም፣ ቀኑን፣ ቦታውንና ቋንቋውን በየክፍሉ መግቢያ ላይ እንዲናገሩና ቅጂውን ለየራሳቸው እንዲያስቀምጡ፣ የጅቡቲና የኢትዮጵያ ቤተ መጻሕፍትና ዩኒቨርሲቲዎችም እነዚህን ድምፆች እንደ መጽሐፍና እንደ ጋዜጣ ሁሉ ሰብስበው እንዲይዙ ያስፈልጋል።