በቢዝነስ ፕላኑ ውስጥ ያልነበረው ዝናብ

ባለፈው ሳምንት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ቤቴ መጣ። ዛሬ የልጆች አባት ሆኗል፤ ጀሪካንና ሌላ የፕላስቲክ ዕቃ የሚያመርት አነስተኛ ፋብሪካም አለው። ሁለተኛ ማሽን ሊያስገባ ነው። «ቲቸር፣ ባንክ ከመግባቱ በፊት አንዴ ይዩልኝ» ብሎ ቢዝነስ ፕላኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠልኝ። ብድሩ የሰባት ዓመት ነው። መያዣው የእናቱ ቤት ነው።

ወረቀቱ እንከን የሚወጣለት አይደለም። ገበያው ተጠንቷል፣ ሒሳቡ ይገጥማል። «ስጋቶች» በሚለው ርዕስ ሥር የውጭ ምንዛሪ እጥረት፣ የጥሬ ዕቃ ዋጋ መናር፣ የተፎካካሪ መብዛት፣ የሠለጠነ ሠራተኛ መልቀቅ ተዘርዝሯል። እስከ መጨረሻው አነበብኩት።

«ዝናብ የታለ?» አልኩት።

ሳቀ። «ቲቸር፣ እኔ እኮ ገበሬ አይደለሁም!»

እሱ ከሄደ በኋላ ያ ሳቅ አልለቅ አለኝ። ምክንያቱም እንደዚያ ብሎ እንዲያስብ ያስተማርኩት እኔው ነኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ዝናብን «ከድርጅቱ ቁጥጥር ውጪ የሆነ ውጫዊ ሁኔታ» ብዬ በአንድ መስመር አልፌዋለሁ። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ለእሱም፣ ክፍሌ ለተቀመጣችሁ ሁሉም፣ ሳላስተምራችሁ የቀረ አንድ ትምህርት ነው። ታሪኩን ከቆቃ እጀምራለሁ። (ዓመተ ምሕረት ካላልኩ በቀር ዘመኑ እ.ኤ.አ. ነው።)

የቆቃ ግድብ በ1960 ተመረቀ። ጣሊያን በከፈለችው የጦርነት ካሳ የተሠራ ሲሆን፣ ጉልበቱ 43 ሜጋዋት ገደማ ነበር። ዛሬ ትንሽ ይመስላል፤ ለዚያ ዘመን ግን የኢንዱስትሪ መሠረት ነው። ከዚያ በ1966 አዋሽ ሁለት፣ በ1971 አዋሽ ሦስት እያንዳንዳቸው በ32 ሜጋዋት ተከተሉ። በወረቀት ላይ ሦስት ማመንጫዎች ናቸው። ውኃው ግን አንድ ነው፤ ቆቃ ያጠራቀመው ውኃ ወርዶ ሁለተኛውን፣ ከዚያም ሦስተኛውን ያሽከረክራል። አዋሽ ሲጎድል ሦስቱም አብረው ይጎድላሉ። በዚያ ላይ ከደጋው ታጥቦ የሚመጣው አፈር የቆቃን ሐይቅ ከሥር እየሞላ፣ ውኃ የሚይዝበትን ቦታ ከዓመት ዓመት ቀነሰው። ማለትም ድርቅ ሲመጣ የሚያግዘው ቋት ራሱ እየጠበበ ሄደ።

በ1973 ፊንጫ፣ በ1988 መልካ ዋከና መጡ። የተለያዩ ወንዞች ስለሆኑ ስጋቱ ትንሽ ተከፋፈለ። ነገር ግን ሁሉም ውኃቸውን የሚጠብቁት በዋናነት ከክረምቱ ነው። የፓስፊክ ውቅያኖስ ሙቀት ሲጨምር፣ ማለትም በኤልኒኖ ዓመት፣ የእኛ ክረምት የመድከም ጠባይ አለው። በ2002 የሆነው ይኸው ነው። ክረምቱ ደከመ፣ ግድቦቹ ሳይሞሉ በጋው ገባ፣ በ1995 ዓ.ም. ፈረቃ ታወጀ። በሳምንት አንድ ቀን መብራት የለም።

ያኔ የሁላችንም ማብራሪያ አንድ ነበር፤ «ዝናቡ እምቢ አለ፤ ግልገል ጊቤ ሲያልቅ ይስተካከላል።» ግልገል ጊቤ አንድ በ2004 በ184 ሜጋዋት ሥራ ጀመረ። እፎይ አልን። በዚያ እፎይታ ውስጥ ፍላጎቱ ከአቅርቦቱ ቀድሞ ሮጠ፤ ፋብሪካው በዛ፣ ሕንፃው በዛ፣ ምጣዱ በዛ። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እንዲህ ነው።

በ2001 ዓ.ም. ፈረቃው ተመልሶ መጣ፤ አሁንስ አንድ ቀን አለ፣ አንድ ቀን የለም። ያን ዓመት የማታ ተማሪዎቼ የነበራችሁ ታስታውሱታላችሁ። መስኮቱ ላይ ሻማ ደርድረን፣ የሞባይል ባትሪ እያበራን «ስትራቴጂክ ማኔጅመንት» ተምረናል። ስዎት አናሊሲስ! ጥንካሬ፣ ድክመት፣ ዕድል፣ ስጋት። በጨለማ ቁጭ ብዬ ስለ ስጋት ሳስተምር፣ ጨለማው ከየት እንደመጣ አንድም ቀን አላነሳሁም። የዛሬው ባለ ፋብሪካ ከኋላ ወንበር ነበር። ቀን ቀን የሰው ፋብሪካ ውስጥ ተቀጥሮ ይሠራል። መብራት ድንገት ሲሄድ የቀለጠው ፕላስቲክ ማሽኑ ውስጥ ይደርቃል፤ እሱን ፈቅፍቀው አውጥተው፣ እንደገና አሙቀው ሥራ እስኪጀምሩ ሰዓታት ያልፋሉ። እጁ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ ያለው ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ነው።

በ2002 ዓ.ም. ውስጥ ብቻ ተከዜ (300 ሜጋዋት)፣ ግልገል ጊቤ ሁለት (420) እና ጣና በለስ (460) ተመረቁ። ተከዜና ጣና በለስ ሌላ ተፋሰስ ናቸው፤ ይህ ጥሩ ነው። ግልገል ጊቤ ሁለት ግን ግልገል ጊቤ አንድ ተጠቅሞ የለቀቀውን ውኃ በዋሻ ተቀብሎ የሚሠራ ነው። ዋሻው ደግሞ ከምረቃው በኋላ ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ተደረመሰ፤ ለወራትም ሥራው ቆመ። በ2016 መጨረሻ 1,870 ሜጋዋቱ ጊቤ ሦስት በዚያው የጊቤና ኦሞ ተፋሰስ ላይ ተመረቀ። ልብ በሉ፤ የአዋሽ ታሪክ በብዙ እጥፍ አድጎ ተደገመ። ብዙ ተርባይን፣ አንድ ተፋሰስ። በግንቦት 2011 ዓ.ም. የጊቤ ሦስት ውኃ ሲቀንስ ከተማውም ፋብሪካውም እንደገና ፈረቃ ገባ። ወደ ሱዳንና ጅቡቲ የሚሸጠው ኃይልም ተነካ፤ ማለትም ጉድለቱ የውጭ ምንዛሪም ይዞ ሄደ።

ምንም አልተማርንም ማለት ግን ሐሰት ነው። በመካከሉ ነፋስ መጣ። አዳማ አንድ 51 ሜጋዋት፣ በጥቅምት 2006 ዓ.ም. የተመረቀው አሸጎዳ 120፣ በ2007 ዓ.ም. አዳማ ሁለት 153። የነፋሱ ጥቅም ሜጋዋቱ ብቻ አይደለም። የእኛ ነፋስ የሚበረታው በበጋው፣ ግድቦቹ በሚጎድሉበት ወቅት ነው። አንዱ ሲደክም ሌላው ይነሣል። ስጋትን በስትራቴጂ ውስጥ ማስገባት ማለት ይህ ነው፤ አብሮ የማይወድቅ ነገር መፈለግ። ችግሩ መጠኑ ነው፤ ሦስቱ ተደምረው 324 ሜጋዋት ናቸው፤ የጊቤ ሦስትን አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞሉም።

ይህ የእኛ ብቻ ዕጣ አይደለም። ከቆቃ ጋር በአንድ ዓመት የተመረቀው በዛምቤዚ ወንዝ ላይ ያለው የካሪባ ግድብ በ2015 እና 2016፣ ከዚያም በ2024 ውኃው አሽቆልቁሎ ዛምቢያን በቀን ለብዙ ሰዓታት ጨለማ ውስጥ ከቷል። ከሁሉም የሚገርመኝ ግን ብራዚል ናት። በ2001 ግድቦቿ ሲጎድሉ፣ አብዛኛው ኃይሏ ከውኃ ነበርና፣ መንግሥት በፈረቃ አላጠፋም። «እያንዳንድህ ፍጆታህን 20 በመቶ ገደማ ቀንስ» አለ። የቀነሰ ቤተሰብ ተሸለመ፣ ያለፈ ተቀጣ። ትልልቅ ድርጅቶች የተረፋቸውን ድርሻ ለሌላው መሸጥ ይችሉ ነበር። ከሰኔ 2001 እስከ የካቲት 2002 በዚህ አለፉ። ጉዳት አልነበረም አልልም፤ ኢኮኖሚው ተመትቷል። ነገር ግን ባለ ፋብሪካው ከነገ ወዲያ ስንት እንደሚያገኝ ያውቅ ነበር። ለነጋዴ ከማነስ ይልቅ የሚከፋው አለማወቅ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በሐቅ ልናገር። እያንዳንዱን ፈረቃ «የአየር ንብረት ለውጥ ያመጣው ነው» ማለት ልክ አይደለም። ኤልኒኖ ድሮም ነበረ፣ የፍላጎት ዕድገት አለ፣ ደለል አለ፣ የግንባታ መጓተት አለ። የምድር መሞቅ የሚያደርገው በዚህ ሁሉ ላይ መጨመር ነው፤ ከሐይቅ የሚተነው ውኃ ይበዛል፣ ደረቁ ይበልጥ ይደርቃል፣ ዶፉ ይበልጥ ይከብዳል። ወደፊት የእኛ ዝናብ ይጨምር ወይ ይቀንስ በሚለው ላይ የሳይንቲስቶቹ ሞዴሎች እንኳ አይስማሙም። ታዲያ ትምህርቱ ምንድነው? ያለፈውን ሠላሳ ዓመት አማካይ ይዞ ለሚቀጥለው ሠላሳ ዓመት ማቀድ አይቻልም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ የአማካይ ቁጥርም እንደዚያ ነው፤ አንዴ ከተጻፈ ማንም አይነካውም።

ሀብታሙ ዓለምም ይህን የነቃበት ዘግይቶ ነው። የእንግሊዝ ማዕከላዊ ባንክ ገዥ የነበሩት ማርክ ካርኒ በመስከረም 2015 ለንደን ላይ ለኢንሹራንስ ሰዎች ባደረጉት ንግግር ስጋቱን በሦስት ከፈሉት፤ ጎርፉና ድርቁ በቀጥታ የሚያደርሱት ጉዳት፣ ተጎጂዎች የሚያነሱት የካሳ ጥያቄ፣ እና ዓለም ከነዳጅ ሲወጣ ዋጋ የሚያጡ ንብረቶች። ዋናው ነጥባቸው ግን ስለ ጊዜ ነበር። ጉዳቱ የሚመጣው የዛሬዎቹ ውሳኔ ሰጪዎች ወንበራቸውን ከለቀቁ በኋላ ስለሆነ፣ ዛሬ ማንም ደንታ የለውም። በ2023 ደግሞ ኩባንያዎች የአየር ንብረት ስጋታቸውን ከሒሳብ ሪፖርታቸው ጋር እንዲገልጹ የሚጠይቅ ዓለም አቀፍ የሪፖርት ደረጃ ወጣ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ብንልም፣ ጭራሽ ካለመጮኽ ይሻላል።

ወደ ተማሪዬ ልመለስ። በማግስቱ ደወልኩለትና «ትናንት ተሳስቻለሁ፤ ዝናብ ፕላንህ ውስጥ አለ፤ ስሙን ቀይሮ ነው የተቀመጠው» አልኩት። የውጭ ምንዛሪ እጥረት ብለሃል። ከውጭ ምንዛሪያችን ትልቅ ድርሻ ያላት ቡና ናት፤ ቡና ዝናብ ትጠብቃለች። የጥሬ ዕቃ ዋጋ ብለሃል፤ ፕላስቲኩን የምታስመጣው በዚያው ምንዛሪ ነው። ገበያ ብለሃል፤ ጀሪካንህን የሚገዛው ማን ነው? ገበሬው። «ገበሬ አይደለሁም» ብለህ ሳቅህብኝ፤ ደንበኛህ ግን ገበሬ ነው። እነዚህን ሦስት መስመሮች ለየብቻ ጻፍካቸው፤ ክፉ ክረምት ሲመጣ ግን ሦስቱም በአንድ ቀን በርህን ያንኳኳሉ። አዋሽ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ማለት ይኸው ነው።

ዝም አለ። ከዚያ «አሁን እኮ ህዳሴ አለ፣ ቲቸር» አለኝ።

ልክ ነው፤ ትልቅ ልዩነትም ነው። 5,150 ሜጋዋት ነው። ከዚያ የሚበልጠው ደግሞ ቋቱ ነው፤ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይይዛል፤ ዓባይ በአማካይ በዓመት እዚያ ከሚያልፈው ይበልጣል። አንድ መጥፎ ክረምት እንደ ቆቃ ዘመን አያንበረክከንም። ተከታትለው የሚመጡ መጥፎ ክረምቶች ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው። ደግሞም ግድቡ የቱንም ያህል ቢሞላ የቡናውን ዛፍ አያጠጣም፣ የገበሬውን ኪስ አይሞላም።

ስለዚህ እንዲህ አስላ አልኩት። ከ2003 እስከ 2019 ባሉት 16 ዓመታት አገራዊ ፈረቃ ሦስት ጊዜ መጥቷል። ብድርህ ሰባት ዓመት ነው። ይመጣል ብለህ አትሸበር፤ ግን አንዴ ቢመጣስ ብለህ ቁጥሩን ጻፍ። ሦስት ወር፣ አንድ ቀን አለ አንድ ቀን የለም ማለት 45 ቀን ነው። በዓመት 300 ቀን የምትሠራ ከሆነ 15 በመቶ ምርትህ ሄደ። በዚያው ዓመት የገበሬው ግዢ ቢቀንስ፣ ጥሬ ዕቃው ሁለት ወር ቢዘገይ የባንኩን ወርኃዊ ክፍያ ትከፍላለህ? ካልቻልክ ማሽኑን አነስ አድርገው፣ ወይም የመክፈያ ጊዜውን አስረዝመው፣ ወይም የሦስት ወር ክፍያ መጠባበቂያ ያዝ፣ ወይም የተወሰነ ምርትህን ገበሬ ላልሆነ ደንበኛ ሽጥ። ጄኔሬተር ብቻ መፍትሔ አይደለም፤ ናፍጣውም በዚያው ምንዛሪ ነው የሚገባው።

መልሱ ያልጠበቅኩት ነበር። «ቲቸር፣ ይህን ብጽፈው ባንኩ ይደነግጣል። አልጻፍኩትም ብል ግን ብድሩ ያልፋል።»

እውነቱን ነው። ሳይጽፍ የቀረው ባለማወቅ ብቻ አልነበረም፤ ስጋቱን የጻፈ ሰው ስጋት ያለበት ሰው ስለሚመስል ነው። «ከነመፍትሔው ጻፈው፤ ካልተቀበሉህም ቢያንስ እናትህ የምታስይዘውን ታውቅ» አልኩት። «አስብበታለሁ» ብሎ ስልኩን ዘጋ። እስካሁን አልደወለም።

ባንክ ውስጥ ብድር የምትገመግሙ ብዙ የቀድሞ ተማሪዎች እንዳሉኝ አውቃለሁ። ልመናዬ ለእናንተ ነው። አንድ ቀን ዝናብን በፕላኑ ውስጥ በድፍረት የጻፈ ወጣት ፊታችሁ ሲቀመጥ፣ ካልጻፈው ይልቅ እሱን እመኑት። እኔ በሻማ ብርሃን ያላስተማርኳችሁን እሱ ብቻውን ደርሶበታልና።